የመድኃኒት ወሬ እንዴት ይመዘናል?

ባለፈው ክረምት ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻ ታናሽ ወንድሜን እግሩ ላይ ነከሰው። ወዲያው በቤታችን ሁለት ምክር ተሰማ። አባቴ «ሐኪም ቤት እንውሰደው» ሲሉ፣ አንዲት ጎረቤታችን ግን «ቅጠል የሚሰጡ አዋቂ አሉ፤ እርሳቸው ካጠጡት ሰው አንድ ስንኳ አልሞተም» አሉ። ጎረቤታችን የተናገሩት በቅንነት ነው፤ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ታዲያ ማስረጃ ይሆናልን?

እስቲ ነገሩን እንመርምር። የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። አሥር ሰዎች በጤነኛ ውሻ ተነክሰው ቅጠሉን ቢጠጡ አሥሩም ይድናሉ፤ ነገር ግን ንጹሕ ውኃ ብቻ ቢጠጡም በዳኑ ነበር። ደግሞም የውሻ እብደት ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ከታየም በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የዳነው ሰው ለምስጋና ይመጣል፤ የሞተው ግን ተመልሶ አይመሰክርም። ስለዚህ አዋቂው የሚቈጥሩት የዳኑትን ብቻ ነው።

የወንድሜን ቁስል በሳሙናና በውኃ ደኅና አድርገን አጥበን፣ በዚያው ቀን ክትባቱን አስጀመርነው፤ ዛሬ ጤነኛ ነው። ይሁን እንጂ ውሻው እብድ መሆኑን ስላላወቅን፣ የእርሱ መዳን ብቻውን ለክትባቱም ምስክር አይሆንም። የክትባቱ ምስክር ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ከጀመረው ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኖ መገኘቱ ነው።

እንዲህ ስል የአባቶቻችንን ዕውቀት መናቄ አይደለም። በአምቦ አካባቢ በኦሮምኛ ሄጦ የሚባለው ኮሶ ትል ማስወጣቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ሰውን ይጐዳል። እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድ ደግሞ እንመልከት። በ1964 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እነዚህም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው። እርሳቸው ግን «አየሁ» ብለው አልተቀመጡም፤ እንዶዱን በቤተ ሙከራ ደጋግመው ፈተኑት። በዚህም ሥራ በ1989 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ስለ መድኃኒት አንድ ወሬ ስትሰሙ አምስት ነገር ጠይቁ።

1ኛ/ ተናጋሪው በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቷል?
2ኛ/ በሽታው ያ በሽታ መሆኑ በምን ታወቀ?
3ኛ/ መድኃኒቱን ሳይወስድ የዳነ የለምን?
4ኛ/ ያልዳኑትና የተጐዱት ተቈጥረዋልን?
5ኛ/ ቅጠሉ የትኛው ነው? መጠኑስ ስንት ነው?

ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ መድኃኒተኛ መምህራችን ነው። መልስ የሌለው እንደ ሆነ ግን አክብረን እንሰናበተው፤ በሽተኛውንም ይዘን ሳንዘገይ ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ።