ከደመና የሚታዘዙ የዋይፋይ መሣሪያዎችን ስለሚጠብቀው ተሰኪ መታደስ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት ርእስ ስሙ ረዘም ያለ ነው፤ ነገሩ ግን በየቀኑ የምንገለገልበት ስለ ሆነ ለማንም እንግዳ አይደለም። በየቢሮው፣ በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ላይ የተሰቀለውን፣ ሰሐን የሚመስለውን ነጭ ሣጥን ያላየ የለም። ይህ ሣጥን አክሰስ ፖይንት ይባላል፤ ሥራውም በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በሬዲዮ ሞገድ ለስልካችንና ለኮምፒዩተራችን ማከፋፈል ነው። ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ ሲቆም ግን ሁሉም «ኔትወርክ የለም» እያለ ይጮኻል። እኔ የምጽፈው ስለ ሣጥኑ ሳይሆን፣ ሣጥኑ መሥራቱንና አለመሥራቱን ቀንና ሌሊት ስለሚጠይቀው ትንሽ ፕሮግራም፣ ይልቁንም ያ ፕሮግራም በጊዜው ሳይታደስ ሲቀር ስለሚያመጣው ጉዳት ነው።

በመጀመሪያ ጥበቃው በቀድሞው ዘዴ እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ። በ1988 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው) ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. የተባለ የመጠያየቂያ ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት የጠባቂው ኮምፒዩተር ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ በ161 ቍጥር በር እየሄደ «አለህ ወይ? ከተነሣህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ምን ያህል መረጃ አሳለፍህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ራሱ ይመልሳል። ይህ ሌሊት ባትሪውን ይዞ በየመጋዘኑ በር እየዞረ ቍልፉን ነካ ነካ የሚያደርገውን ዘበኛ ይመስላል። ዘበኛውና በሩ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ሦስተኛ የለም። ደንቡ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል።

ከደመና የሚታዘዙት መሣሪያዎች ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። «ደመና» የተባለው የሰማዩ ደመና ሳይሆን በሩቅ አገር በትላልቅ አዳራሾች የተደረደሩ የኩባንያ ኮምፒዩተሮች ናቸው። ለምሳሌ ያህል ሜራኪን እንውሰድ። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የቤቶችን ጣራ በሬዲዮ ያገናኘ ሩፍኔት የተባለ ጥናት ነበር፤ ከዚህ ጥናት የወጡ ተማሪዎች በ2006 ሜራኪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን ሥራን ከልብና በፍቅር መሥራት ማለት ነው። ሲስኮ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በ2012 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የሜራኪ መሣሪያ መብራት ሲያገኝ ራሱ በኢንተርኔት ወጥቶ ወደ ደመናው ይሄዳል፤ ትእዛዙን ከዚያ ይቀበላል፤ ስለ ራሱም ሁኔታ ለዚያ ይናገራል። የኔትወርኩ ኀላፊ የትም ቢሆን ዳሽቦርድ የተባለውን ሰሌዳ ከፍቶ ያየዋል። እኛ የምንልከውና የምንቀበለው ጽሑፍና ሥዕል ግን በደመናው በኩል አያልፍም፤ ስለዚህ መሣሪያው ከደመናው ጋር ቢቈራረጥም በመጨረሻው ትእዛዝ መሥራቱን ይቀጥላል።

እንግዲህ ዘበኛው ወደ በሮቹ መሄዱን ተወ ማለት ነው። በሮቹ ሁሉ ወሬያቸውን በሩቅ ከተማ ላለ ጽሕፈት ቤት ይልካሉ፤ ዘበኛው ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ ስልክ እየደወለ «በሮቼ እንዴት ናቸው?» ይላል። ይህን ስልክ የሚደውለው ፕሮግራም ነው ተሰኪ የሚባለው።

ዳሽቦርዱ እያለ ተሰኪ ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ያለው ዋይፋይ ብቻ አይደለም። ሰርቨር አለ፣ ካሜራ አለ፣ ፕሪንተር አለ፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ሰሌዳ ከፍቶ ሲያይ የሚውል ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ሁሉን ባንድ ቦርድ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ተሠሩ። ከነዚህ የታወቀው ናጊዮስ ነው፤ ኢታን ጋልስታድ የተባለ አሜሪካዊ በ1999 ኔትሴይንት ብሎ አውጥቶት በኋላ ናጊዮስ ተባለ። ናጊዮስ ራሱ ስለ ዋይፋይ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቁት በላዩ የሚሰኩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ተሰኪው ጠይቆ ሲመለስ ካንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ጋር አንድ ቍጥር ይሰጣል፦ 0 ደኅና፣ 1 ማስጠንቀቂያ፣ 2 አደጋ፣ 3 አይታወቅም ማለት ነው። ቦርዱም እንደ ቅደም ተከተላቸው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ይሆናል። ከአራቱ እኔ ይበልጥ የማከብረው 3ን ነው። ፈተና ላይ መልሱን ሳያውቅ የሞላ ተማሪ ቢበዛ ራሱን ይጐዳል፤ ሳያውቅ «ደኅና ነው» የሚል ተሰኪ ግን ሌሎችን ይጐዳል።

ይህንንም ባይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት አጎቴ ወደሚሠሩበት አንድ የጤና ድርጅት እየሄድሁ ሥራቸውን እመለከት ነበር። በዚያ የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት መሄዱ ቀርቶ በታብሌት ወደ ሕሙማን ክፍል ይተላለፋል። በኋለኛው ሕንፃ የሚሠሩ አንዲት ሲስተር «ታብሌቱ አይዝልንም፤ ውጤት የሚያመጣልን ተላላኪ በእግሩ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ተላላኪ የለም» እያሉ ብዙ ሳምንት አመለከቱ። የሚሰጣቸው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ሲስተር፣ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ነው፤ ታብሌቱን አጥፍተው ያብሩት።» ቦርዱ ፈረንጅ የሠራው ዘመናዊ ነገር፣ እሳቸው ደግሞ አንዲት የደከማቸው ሴት ናቸውና የታመነው ቦርዱ ነው። አጎቴ ወደዚያ ክፍል በተዛወሩ በሳምንቱ «እስቲ ሄደን እንያት፤ ሰው ያለ ነገር ወር ሙሉ አይጮኽም» አሉኝና አብረን ሄድን። ኮርኒሱ ላይ ያለው ሣጥን አንዳች መብራት አልነበረውም።

ታዲያ ቦርዱ ስለ ምን አረንጓዴ ሆነ? ተሰኪው ከኢንተርኔት በነጻ የተገኘ፣ ጸሓፊው ከተወው ዓመታት ያለፉት ነበር። የመሣሪያዎቹን ፋብሪካ ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱም የፋብሪካው አልነበረም፤ ደመናው እውነቱን ተናግሮ ነበር። በተሰኪው ውስጥ የተጻፈው ፍርድ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ መልሱ «ኦፍላይን» ከሆነ 2 ስጥ፤ ያለዚያ 0 ስጥ። ተሰኪው ከተጻፈ በኋላ ደመናው አዲስ ቃል ጨምሯል፤ ይኸውም ለረዥም ጊዜ ድምፁ የጠፋን መሣሪያ «ኦፍላይን» ማለቱን ትቶ «ዶርማንት»፣ በእኛ ቋንቋ «አንቀላፍቷል» ይለዋል። ሕንፃው ቀለም ሲቀባ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ብዙ መሣሪያ ባንድነት ቀላ፤ ያን ጊዜ ማንም አልደነገጠም። ቀኑ ሲረዝም የሲስተሯ መሣሪያ ከ«ኦፍላይን» ወደ «አንቀላፍቷል» ተዛወረ፤ ተሰኪውም ይህን ቃል ስለማያውቅ 0 ሰጠ። በሽተኛው ሲሞት ትኩሳቱ ወረደ ብሎ እንደ መደሰት ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ የአንድ ፋብሪካ ነገር አይደለም። የሜራኪ ደመና ፕሮግራሞች የሚጠይቁበት መስኮት፣ ኤ.ፒ.አይ. የሚባለው፣ በ2020 ከቍጥር 0 ወደ ቍጥር 1 ተሻገረ። በቀድሞው መስኮት የመሣሪያዎችን ሁኔታ ለመጠየቅ «ዲቫይስስታተስስ» ተብሎ ተያይዞ ይጻፍ የነበረው አድራሻ፣ በአዲሱ «ዲቫይስስ» እና «ስታተስስ» ተብሎ በጭረት ተለየ። ለሰው ዓይን ምንም አይደለም፤ ለፕሮግራም ግን ሌላ ቤት ነው። ደመናው ከአንድ ድርጅት በሴኮንድ ከ10 ጥያቄ በላይ አይቀበልም፤ ካለፈ በ429 ቍጥር «ጥቂት ቈይተህ ተመለስ» ይላል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ሣጥን ለየብቻ የሚጠይቅ ተሰኪ ሣጥኑ በበዛ ቍጥር ይመለሳል፤ የሁሉንም ባንድ ጊዜ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱም ረዥም ከሆነ በገጽ በገጽ ተከፍሎ ይመጣል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ የሚሄድ ተሰኪ በቀሩት ገጾች ላይ ያሉትን ሣጥኖች ጨርሶ አይጠብቅም፤ ቦርዱ ግን ይህን አይናገርም።

ወደ እድሳቱ ልመለስ። አጎቴ ሥራውን ሲጀምሩ አንድም መስመር አልነኩም፤ ፋብሪካው ስለ ለውጡ ያወጣውን ማስታወቂያ ሁለት ቀን ሙሉ አነበቡ። ቀጥሎ የነበረውን ተሰኪ ገልብጠው አስቀመጡና አዲሱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሞከሩ። ከሁሉ የገረመኝ ስለ ቍልፉ ያላቸው ጥንቃቄ ነው። ተሰኪው ለደመናው ማንነቱን የሚያሳውቀው ረዥም በሆነ የምስጢር ቃል ነው፤ በሜራኪ ለምሳሌ 40 ፊደላትና አኃዝ ያሉት ሲሆን ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ ሥልጣኑም ያወጣው ሰው ሥልጣን ነው። ሁሉን ማዘዝ የሚችል ኀላፊ ያወጣው ቍልፍ ከተሰረቀ ሌባው ኔትወርኩን በሙሉ ያዝዛል። ስለዚህ ማየት ብቻ የሚችል ሰው በዳሽቦርዱ ላይ ተፈጠረና ቍልፉ በእርሱ ስም ወጣ። የቀድሞው ቍልፍ በፕሮግራሙ ጽሑፍ መካከል በግልጽ ተጽፎ ነበርና ተሻረ።

በፍርዱ ላይ ትንሽ ተከራከርን። «አንቀላፍቷል» የሚለው ቃል ሲመጣ እኔ 3 ይሁን ስል አጎቴ «የለም፣ 2 ይሁን፤ ብርቱካናማ ሲያዩ ነገ አየዋለሁ ይላሉ፤ ቀይ ሲያዩ ግን መሰላል ይዘው ይሄዳሉ» አሉኝ። እንደ ፈቃዳቸው ሆነ። ዋናው ግን የመጨረሻው መስመር ነው፤ የታወቁት ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ ከተዘረዘሩ በኋላ ያልተዘረዘረ ቃል ቢመጣ 3 ይሰጣል እንጂ 0 አይሰጥም። ደመናው ነገ ሌላ ቃል ቢጨምር ቦርዱ «አላውቅም» ይላል።

ባገራችን ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለ። መብራት ወይም የኢንተርኔቱ መስመር ሲጠፋ መሣሪያዎቹ ወደ ደመናው መናገር አይችሉም፤ ተሰኪውም ደመናውን መጠየቅ አይችልም። ይህን ጊዜ ሁሉን ቀይ የሚያደርግ ተሰኪ ሰዎችን ቀይ ማየት ያስለምዳቸዋል፤ ከለመዱት ወዲያ ደግሞ ቀይ ትርጉም የለውም። ናጊዮስ ለዚህ ዘዴ አለው። ወደ ውጭ የሚወስደው ራውተር የሌሎቹ ወላጅ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ወላጁ ሲወድቅ ከበስተጀርባው ያሉት «ወድቀዋል» ሳይሆን «አይደረስባቸውም» ይባላሉ። አጎቴም ራውተሩን በቀድሞው ዘዴ ከቅርብ የሚጠይቅ ሌላ ተሰኪ ጨመሩ፤ አዲሱ ተሰኪም ደመናውን ሲያጣ 3 እንዲል አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው አለቀ አላሉም። እኔን ኮርኒስ ላይ አወጡኝና በቢሯቸው ያለውን ደኅና ሣጥን ገመዱን አስነቀሉኝ፤ ራሳቸው ከቦርዱ ፊት ሰዓት ይዘው ተቀመጡ። ጥቂት ደቂቃ አለፈና «ቀላ! መልሰህ ሰካው» ሲሉ ሰማሁ። አውቆ ሳይሰብሩ የጠባቂን ንቃት ማወቅ እንደማይቻል ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ ተሰኪ ሥራ በጀመረበት ቀን ቦርዱ ላይ ሁለት ቀይና አንድ ቢጫ ወጣ። ከቀዮቹ አንዱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በካርቶን ተኝቶ የተገኘ ትርፍ ሣጥን ስለ ነበር ከመዝገቡ ተሰረዘ። ቢጫው የሚሠራ ቢሆንም ገመዱ የላላ ነበር። ሁለተኛው ቀይ የሲስተሯ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ መደርደሪያውን ሲያንቀሳቅሱ ገመዱ ከስዊቹ ተነቅሎ ከግድግዳው ሥር ወድቆ ነበር፤ አጎቴ ተንበርክከው ሰኩት፤ ሣጥኑም ጥቂት ብልጭ ብልጭ ካለ በኋላ በራ። ሲስተሯ ታብሌቱን አንሥተው ተመለከቱና የማታውን የላቦራቶሪ ውጤት እዚያው ቆመው ማንበብ ጀመሩ።