ቼክና የእጅ ስልክ

ቼክ ምንድን ነው? ቼክ ባለገንዘቡ ለባንክ የሚጽፈው የክፈሉ ትእዛዝ ነው። ወረቀቱ ራሱ ገንዘብ አይደለም። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ብር ከሌለ ባንኩ አይከፍልም።

ዛሬ ቼክ እየቀረ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ጨርሳ አስቀርታዋለች። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀምሯል፤ ኢንተርኔት የሌለው ስልክም ይበቃዋል።

በሬ ሸጥን እንበል። ገዢው «ልኬያለሁ፤ ይኸው መልእክቱ» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳየን አንመን። የውሸት መልእክት መጻፍ ይቻላልና። ብሩ ገባ ወይ? ቀሪ ሒሳባችንን በራሳችን ስልክ እናንብብ። እስከዚያው የበሬውን ገመድ አንልቀቅ። የምስጢር ቁጥራችንንም ለማንም አንንገር።

ወረቀቱ ቢቀርም ማንበብ አይቀርም።

ጥያቄ፦ በሬውን ከማስረከባችን በፊት የማንን ስልክ እናያለን? ለምን?