ጡት ስለ ማጥባት፤ በአራስነት ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አዲስ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ጡት የሚያገኘው ወተት ምግቡም መጠጡም መከላከያውም ነው። ይህን የማያውቅ የከተማ ነዋሪ አለ ተብሎ አይገመትም። ይሁን እንጂ ብዙ እናቶች ማጥባትን በመልካም ፈቃድ ጀምረው፣ ገና ከአራስ ቤት ሳይወጡ በሕመም፣ በድካምና በጠያቂው ሁሉ ምክር ብዛት ተስፋ ቆርጠው ጡጦ ሲያነሡ ይታያሉ። ይህንም የሚያደርጉት ለልጃቸው ፍቅር አንሷቸው ሳይሆን፣ የገጠማቸው ችግር መፍትሔ ያለው መሆኑን በጊዜው የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው። ስለዚህ ዘወትር የሚታዩትን ችግሮች ከነምክንያታቸው በየተራቸው እንገልጻለን።

1ኛ፤ ስለ እንገር

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። አንዳንድ ሰዎች መልኩን አይተው የተበላሸ ወይም ሆድ የሚያሳምም መስሏቸው አልበው ይደፉታል፤ በምትኩም ለሕፃኑ ቅቤ ያስውጡታል፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ያጠጡታል። ይህ ልማድ ከአያት የተወረሰና ለበጎ የታሰበ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚገኙበት በመሆኑ እንደ መጀመሪያ ክትባት ይቆጠራል። ቅቤውና ውሃው ግን ረኀቡን በከንቱ ያስታግሱበታል፤ ንጽሕናቸው ካልተጠበቀም ተቅማጥ ያመጡበታል።

የእንገሩ ማነስ እናቲቱን ሊያስደነግጣት አይገባም። አንድ ቀን የሞላው ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም፤ ሆዱም ከዚያ የበለጠ አይፈልግም። በመሆኑም ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእናቱ ደረት ላይ ተደርጎ መጥባት ሊጀምር ይገባዋል።

2ኛ፤ የጡት ጫፍ መቁሰል

በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኞቹን እናቶች የሚያስለቅሳቸው ችግር ይህ ነው። ብዙዎች ማጥባት በባሕርዩ የሚያም ነገር ነው ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ይታገሡታል። ነገር ግን የጡት ጫፍ የሚሰነጠቀውና የሚደማው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ጡቱን በትክክል ስላልጎረሰ ነው። ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ከያዘ ጫፉ በምላሱና በላንቃው መካከል እየተፈጨ ይቆስላል፤ ወተቱም በሚገባ ስለማይወጣ ሕፃኑ ሳይጠግብ ይቀራል።

ትክክለኛው አያያዝ እንደሚከተለው ነው። የሕፃኑ ሆድ ከእናቱ ሆድ ጋር ይገጥማል፤ ራሱ፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሆናሉ፤ አንገቱ አይጠመዘዝም። እናቲቱ የጡቷን ጫፍ በከንፈሩ ላይ አስነክታ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ድረስ ትጠብቃለች፤ በከፈተም ጊዜ ሕፃኑን ወደ ጡቷ ታስጠጋዋለች እንጂ እርሷ ወደ ሕፃኑ አትጎብጥም። ሕፃኑ ከጫፉ ጋር በዙሪያው ያለውን ጥቁር ክብ አብዛኛውን ክፍል ከጎረሰ፣ አገጩ ጡቱን ከነካና የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ከተገለበጠ አያያዙ መልካም ነው። ሕመሙ ካልቀነሰ ንጹሕ ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ በቀስታ ማላቀቅና እንደገና ማስያዝ ይገባል። አስገድዶ መንጠቅ ቁስሉን ያብሳል። ካጠቡ በኋላ ጥቂት የጡት ወተት በጫፉ ላይ ቀብቶ በነፋስ ማድረቅ ይጠቅማል፤ ጫፉን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ ግን ቆዳውን ስለሚያደርቀው አይገባም።

3ኛ፤ ያጋተ ጡትና የጡት ሕመም

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ በብዛት ስለሚመጣ ጡት ይወጠራል፤ ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ አፍ በተወጠረው ጡት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከማጥባት አስቀድሞ ጥቂት ወተት በእጅ አልቦ ጫፉን ማለስለስ፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ካጠቡም በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ እብጠቱን ያስታግሣል።

ጡቱ በአንድ ወገን ቀልቶ የሚያቃጥል፣ እናቲቱንም የሚያንቀጠቅጣትና የሚያተኩሳት ከሆነ ግን ጡቱ ተቆጥቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች የሰው ዓይን ነው ወይም ምች ነው በማለት ማጥባቱን ያስቆሟታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ወተቱ ሳይወጣ ሲቀር ሕመሙ ይጠናልና። የታመመው ጡት ወተት ሕፃኑን አይጎዳውም፤ ማጥባቱ መቀጠል አለበት። ጡቱንም በኃይል ማሸት አይገባም። ሕመሙ በአንድ ቀን ውስጥ ካልቀነሰ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ችላ የተባለ እንደሆነ መግል ይቋጥርና በሐኪም እጅ መቀደድ ይኖርበታል።

4ኛ፤ «ወተቴ አነሰ» ስለ ማለት

ከሁሉ ይልቅ ብዙ እናቶችን ከማጥባት የሚያስተወው ይህ ሥጋት ነው። በእውነት ወተት የሚያንሳቸው እናቶች ቢኖሩም ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ የሚበልጡት ወተት እያላቸው የሚጠራጠሩ ናቸው። ሕፃኑ ሲመሽ ቢነጫነጭ፣ ጡቱ ከወጠራው ቢለሰልስ፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሕፃኑ ለጥቂት ቀናት ያለ ወትሮው ጡት ቢያበዛ ወተት ያለቀ ይመስላቸዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ጤናማ ሕፃን ሲያድግ የሚያሳያቸው ናቸው።

የጡት አሠራር እንዲህ ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ወተት እንዲሠራ የሚያዝዘው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞንና ወተቱን የሚያፈስሰው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይቀሰቀሳሉ። ጡቱ በባዶው ሲቀር ሥራው ይፈጥናል፤ ወተቱ ታቁሮ ሲቆይ ግን ሥራው ይዘገያል። እንግዲህ ለሕፃኑ አንድ ጡጦ የዱቄት ወተት በተሰጠ ጊዜ ያን ያህል ከጡት ሳይጠባ ስለሚቀር በማግሥቱ የእናቱ ወተት ይቀንሳል፤ መቀነሱ ደግሞ ሌላ ጡጦ ይጠራል። በዚህ ዓይነት አነሰ ተብሎ የተፈራው በእርግጥ ያንሳል። ገንፎውና አጥሚቱ እናቲቱን ያጠነክሯታል፤ ወተቱን የሚያበዛው ግን በሌሊትም ጭምር ደጋግሞ ማጥባት ነው። ጭንቀትና ሕመም የወተቱን መፍሰስ ስለሚያዘገዩ እናቲቱን ማረጋጋት ከምግብ የማያንስ ጥቅም አለው።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» የሚለው አነጋገር በአራስ ሕፃን ላይ አይሠራም። ልቅሶ የረኀብ መጨረሻ ምልክት ነው። ሕፃኑ ራሱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር፣ እጁን ሲልስና ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ መጥባት ሊጀምር ይገባዋል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው፤ እንቅልፍ የሚያበዛውንም ሕፃን ቀስቅሶ ማጥባት ያስፈልጋል።

ሕፃኑ መጥገቡ በሚታይ ነገር ይታወቃል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ነጣ ያለ ሽንት ከሸና በቂ ወተት ያገኛል። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቀነሱ አያስፈራም፤ ሲወለድ 3 ኪሎ የነበረው ሕፃን ወደ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ቢወርድ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቀደመ ክብደቱን ይመልሳል። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ይጨምራል።

5ኛ፤ ወደ ሐኪም ሳይዘገዩ የሚወስዱ ምልክቶች

ሕፃኑ መጥባት እምቢ ሲል፣ ሲያተኩስ ወይም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ፣ ደክሞ ሳይነቃ ሲቀር፣ ሽንቱ ሲያንስ፣ እርግብግቢቱ ሲጎደጉድ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ሲሆን፣ ትንፋሹም ሲፋጠን በቤት ሕክምና ጊዜ ማጥፋት አይገባም።

6ኛ፤ የቤተ ሰብና የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ግን ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። እንግዲህ በሕጉ ፈቃድ መጨረሻና በስድስተኛው ወር መካከል ሦስት ወር ይቀራል። ብዙ ሕፃናት ከጡት የሚለዩት በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ መሥሪያ ቤት በር የሚዘጋ ንጹሕ ክፍልና አንድ ወንበር ቢያዘጋጅ፣ ለእናቲቱም በቀን ሁለት ጊዜ አጭር ዕረፍት ቢፈቅድ ወተቷን ልታልብ ትችላለች። በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት በመጠነኛ ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ በቆላ አገር ግን ቶሎ መጠጣት አለበት። ቤት የቀረው ሰው ለሕፃኑ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ ያጠጣዋል፤ ሲኒ በቀላሉ ይታጠባልና።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተትን የሚተኩ ምግቦች ሽያጭ የሚመራበትን ደንብ ማጽደቁ ይታወሳል፤ በዚሁ ደንብ መሠረት ለእናቶች የዱቄት ወተት ናሙና በነጻ ማደል አይፈቀድም። ቆርቆሮው እንዲበረክት ሲባል በውሃ የቀጠነ ወተት ሕፃኑን በረኀብ፣ ያልፈላ ውሃም በተቅማጥ ይጎዳዋልና፣ የጤና ሹማምንት ይህን መቆጣጠር ተግባራቸው ነው።

አባት ውሃ ቢቀዳ፣ ልብስ ቢያጥብ፣ ታላላቆቹን ልጆች ቢይዝ እናቲቱ ለማጥባት ጊዜ ታገኛለች። አያትና አማት ደግሞ ቃላቸው በአራስ ቤት ከሐኪም ቃል በላይ የሚሰማ ስለሆነ «ወተትሽ አንሷል» ከማለት ይልቅ «አያያዙን እስቲ እንየው» ቢሉ ሕፃኑን ከጡጦ ያድኑታል። እናቲቱም ችግሯን ደብቃ ከመሰቃየት በመጀመሪያው ሳምንት ለአዋላጅ ነርስ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትገልጽ፣ ቀድሞ የታየ ችግር በቀላሉ ይወገዳል።