ጀርመንኛ በስልክና በኳስ

ዛሬ ትንሽ ጀርመንኛ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

አክስቴ የምትኖረው ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ነው። ልጇ እዚያ ስለተወለደ አማርኛ ብዙም አይችልም። አያቴ ደግሞ ጀርመንኛ አይችሉም። በቪዲዮ ሲደዋወሉ እየተያዩ ዝም ይላሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ አያቴ ያለቅሳሉ። ይሄን ሳይ ከአክስቴና ከቡንደስሊጋ ጨዋታ ቃላት መልቀም ጀመርኩ። እስካሁን ያወቅኩት ይሄ ነው፦

1. ደብልዩ የምንለው ፊደል በጀርመንኛ “ቨ” ነው። ውሃ “ቫሰር” ይባላል።

2. ቪ ደግሞ ብዙ ጊዜ “ፈ” ይሆናል። አባት “ፋተር” ነው። እኛ ቮልስ የምንላትን መኪና እነሱ “ፎልክስቫገን” ይሏታል፤ የሕዝብ መኪና ማለት ነው።

3. ጄ “የ” ነው። በአሰልጣኝነቱ የሚታወቀው ክሎፕ ስሙ በጄ ተጽፎ “ዩርገን” የሚባለው ለዚህ ነው።

4. ቃል መጨረሻ ላይ “ግ” ወደ “ክ”፣ “ድ” ወደ “ት” ይቀየራል። ሃምቡርግ “ሃምቡርክ”፣ ዶርትሙንድ “ዶርትሙንት” ይባላል።

5. ስምንት “አኽት” ነው። እኛ “ኸ” ስላለን አይከብደንም።

6. አንተም አንቺም “ዱ” ነው፣ እርስዎ “ዚ” ነው። ግን ለቤተሰብ ትልቅም ቢሆን “ዱ” ይባላል። የአክስቴ ልጅ አያታችንን “ዱ” ሲል በጣም ደንግጬ ነበር። ለካ እዚያ ነውር አይደለም።

ቁጥር ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ልጁ የአያቴን ዕድሜ ጠየቀኝ። 72 ናቸው። ጀርመኖች የአንድ ቤቱን አስቀድመው “ሁለት እና ሰባ” ነው የሚሉት። እኔ እንደ አማርኛው ሰባቱን አስቀደምኩና “ዚበንኡንትስቫንትሲሽ” አልኩ። ይሄ 27 ነው! ልጁ በሳቅ ወደቀ። ለአያቴ ስነግራቸው እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አሁን አያቴ ስልክ ሲዘጉ “ቹስ” ይላሉ፤ ቻው ማለት ነው። እሱ ደግሞ “ደህና እደሩ” ይላቸዋል። እናንተም ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ በየስልኩ አንድ አንድ ቃል ጠይቁ፣ አንድ አንድ አማርኛም አስተምሩ። ስትሳሳቱም አትፈሩ።

ጥያቄ፦ ጀርመኖች 45ን እንዴት ብለው ይጠሩታል? መልሱን በአማርኛ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።

ቹስ!