ጠጠር ወርውሮ መሬት መግዛት



በአሜሪካ የምትኖሩ «ግብር ያልተከፈለበት መሬት፣ በ500 ዶላር ብቻ!» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ እቁብ ጥሎ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ሐራጁ የሚሮጥ አለ። ከመሮጣችን በፊት ግን ቆም እንበል።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጠጠር ሽያጭንና ገረር ያለበትን፣ ማለትም ምንነቱ ወይም ውጤቱ ያልታወቀ ሽያጭን ከልክለዋል። ዑለሞች ለጠጠር ሽያጭ ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ የሚሸጠው መሬት ልክ የተወረወረ ጠጠር ባረፈበት የሚወሰንበት ንግድ መሆኑ ነው። ወገኖቼ፣ ቦታውን ሳያዩና ሰነዱን ሳያነቡ ስልክ ላይ ተጭኖ መሬት መግዛት ከዚህ በምን ይርቃል?

መጀመሪያ፦ የምትገዙት ምንድን ነው?

አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድና በፍሎሪዳ መጀመሪያ የሚሸጠው መሬቱ ሳይሆን የግብር ዕዳው ነው። ገዢው የባለቤቱን ዕዳ ይከፍልና ባለቤቱ ከነወለዱ ይመልስለታል። በፍሎሪዳ ይህ ወለድ በዓመት እስከ 18 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስሙ «ሰርተፊኬት» ቢባልም ገንዘብ ሰጥቶ በብልጫ መቀበል ሪባ ነው። ስም ሲለወጥ ሐራም ሐላል አይሆንም።

በሌሎች ስቴቶች የንብረቱ ዲድ ራሱ ይሸጣል። እዚያም ቢሆን ባለቤቱ ንብረቱን መልሶ የመውሰድ መብት ሊኖረው ይችላል። በቴክሳስ መኖሪያ ቤትና የእርሻ መሬት 2 ዓመት፣ ሌላው በአብዛኛው 180 ቀን ነው። በጆርጂያ ቢያንስ 12 ወር ነው። ባለቤቱ ሲመልስ የሚከፍለው ጭማሪም ስላለ፣ ብይኑን ከመግዛታችሁ በፊት ዑለሞችን ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ አጣሩ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። የሻጭ ማስታወቂያም ወሬ ነው።

1. በመሬቱ መለያ ቁጥር የካውንቲውን ካርታ ክፈቱ። የተረሳ ቀጭን ቁራጭ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ወይም በሰው መሬት ተከብቦ መንገድ የሌለው ቦታ ሊሆን ይችላል። የርካሽነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያው ይታያል።
2. የካውንቲውን የዞን ክፍል ቤት መሥራት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ውኃና መብራት ይደርሳል? ለፍሳሽ ጉድጓድ ይሆናል?
3. የፌማን የጎርፍ ካርታ ተመልከቱ።
4. በካውንቲው የሰነድ መዝገብ ያሉበትን ዕዳዎች አስፈትሹ። ሽያጩ ሁሉንም ዕዳ ላይሰርዝ ይችላል። የፌዴራል ግብር ዕዳ ካለበት መንግሥት ከሽያጩ በኋላ ቢያንስ ለ120 ቀናት መልሶ ሊወስደው ይችላል። ከሐራጅ የተገዛን መሬት ታይትል ኩባንያዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ኢንሹር ለማድረግ ብዙ ጊዜ ስለማይፈልጉ፣ የጠበቃውንም ወጪ ደምሩ።
5. በአካል ሂዱ። ሐራጁ ዋስትና የለውም፤ እንዳለ ተቀብላችሁ ነው የምትገዙት።

ሦስተኛ፦ ሰውየውን አትርሱ

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሰው አለ። ምናልባት የታመመ፣ ወይም ደብዳቤው ያልደረሰው ወራሽ ነው። በሚኒሶታ የወይዘሮ ጀራልዲን ታይለር ዕዳ ከነቅጣቱና ወለዱ 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ካውንቲው ቤታቸውን በ40 ሺህ ሸጦ ትርፉንም አስቀረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በሙሉ ድምፅ ለእርሳቸው ፈረደ። ያኔ 94 ዓመታቸው ነበር። ዓለማዊው ፍርድ ቤት ግፍ ያለው ነገር በአላህ ዘንድስ እንዴት ይቀላል?

በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ አላህ የተቸገረን ባለዕዳ እንድንታገሥ ያዘናል፤ መማሩ ደግሞ ይበልጣል። ሰዒድ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ.) ደግሞ ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ በቂያማ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተዋል። አንዲት ሴት መሬቴን ወሰደ ብላ በሐሰት ስትከሳቸው እንኳ መሬቱን ትተውላታል። ጀነት የተበሠረላቸው ሰው ስንዝርን እንዲህ ፈሩ!

ስለዚህ አንድ ምክር አለን። ከሐራጁ በፊት ባለቤቱን ፈልጉት። በሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ የንግድ መሠረቱ የሁለቱ ወገን ውዴታ ነው። ተገቢ ዋጋ ብትሰጡት እርሱ ዕዳውን ከፍሎ ቀሪውን ይይዛል፤ እናንተም መሬቱን በፈቃዱና በንጹሕ ሰነድ ታገኛላችሁ። ካላገኛችሁትና ሸሪዓው ከፈቀደላችሁ አጣርታችሁ፣ የሚያውቁ ሰዎችን አማክራችሁ፣ ኢስቲኻራ ሰግዳችሁ ግቡ። ጥርጣሬው ካልጠራ ተዉት። የተጻፈላችሁ ሪዝቅ አያልፋችሁም።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ በረካውንም ይስጠን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!