ከወናጎ ለሩጫ ከመነሳትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ካቃጠለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ቢበዛ ሩቡ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። አንጎል ይህን ሲያውቅ ደም ወደ ቆዳ እንዲጎርፍ ያደርጋል፤ ላብም ይመጣል። ስለዚህ በዲላ ወይም በይርጋ ጨፌ መንገድ ለመሮጥ ሲያስቡ ከሁሉ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ዛሬ ላቤ ይደርቃል?

የሚያቀዘቅዘን ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ግን ውሃና ጨው ከማሳጣት በቀር የሚፈይደው የለም። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል፣ በቡናና በእንሰቱ መካከል አየሩ እርጥበት ያዘለ ነው፤ ነፋስም እምብዛም አይገባም። ጥላው ደስ ቢልም ላብዎ አይደርቅም። እንዲህ ባለው ሰዓት ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ቢቻል ነፋስ ወዳለበት ገላጣ ቦታ ይውጡ።

እርጥበትን የሚንቅ ሰው ዶሃን ያስታውስ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ፀሐይን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ የእኛዎቹ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አልጨረሱም። ከሳምንት በኋላ አየሩ ቀለል ሲል እዚያው ከተማ በወንዶች ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር አገኙ። እንዲህ የሠለጠኑትን ያቃተ አየር እኛን ቢያቅተን አያሳፍርም።

ከደጋ በቅርቡ ከወረዱ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀስ እያሉ ይለማመዱ። ሰውነት ቶሎ ማላብን፣ በላቡም ጨው መቆጠብን የሚማረው በዚያን ጊዜ ነው።

ትኩሳት አለብዎ? እንግዲያው አይሩጡ። ወባ ባለበት አገር ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ በትኩሳት ጊዜ ሰውነት ራሱ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ የሩጫው ሲጨመርበት አደጋ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ።

ወደ ቡሌ ሽቅብ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እየሮጡ ሳሉ አይበርድዎትም፤ ብርዱ የሚይዝዎት ሲቆሙ፣ እርጥብ ካናቴራ ላይ ነፋስ ሲመታዎት ነው። ደም ከቆዳ ይሸሻል፣ መንቀጥቀጥ ይከተላል። የሚቀይሩት ደረቅ ልብስ ይያዙ።

ውሃ ሲጠማዎ ይጠጡ፤ ያለ ልክ መጠጣት የደምን ጨው ያቀጥናል።

አብሮዎት የሚሮጠው ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ፣ ቢያልበውም አይዘናጉ። ጥላ ውስጥ አስተኝተው መላ ሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱ፣ ያራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት። መኪና ያስጠሩ፤ እስኪመጣ ግን ውሃውን አያቁሙ።