የዓመትን ገንዘብ አስቀድሞ ስለ መመደብ

ገንዘብ ማጠራቀም ለወላይታ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የጊፋታ በዓል ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል፤ ቤቱም ሁሉ ለዚህ ቀን ዓመቱን ሙሉ ይሰናዳል። ወንዶች ለበሬው ዋጋ በማኅበር ያዋጣሉ፤ ሴቶችም በበኩላቸው ቅቤውን በየጊዜው እያዋጡ ያከማቻሉ። ቀኑ በደረሰ ጊዜ ለብቻው በሬ መግዛት የማይችለው ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር ድርሻውን ይወስዳል።

ይህን ልማድ ብንመረምረው አምስት ነገር እናገኝበታለን። አንደኛ፥ ገንዘቡ የሚውልበት ነገር ታውቋል። ሁለተኛ፥ የሚፈለግበት ቀን ታውቋል። ሦስተኛ፥ በየጊዜው የሚከፈለው ልክ ተወስኗል። አራተኛ፥ ገንዘቡን የሚጠብቅ የታመነ ሰው ተመርጧል። አምስተኛ፥ አንዱ ቢዘገይ የሚጠይቁት ባልንጀሮች አሉ። እነዚህ አምስቱ ባሉበት ድሃ የሚባለውም ሰው ያጠራቅማል፤ በሌሉበት ግን ደመወዝ ያለውም ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ ለጥቂት ቀን ሥጋ ዓመት ሙሉ መጠንቀቅ የቻለ ቤት፥ ለልጁ ደብተርና ለክፉ ቀን እህል መጠንቀቅ ስለ ምን ያቅተዋል? ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው በመስከረም ነውና በዓሉና የልጆች ወጪ በአንድ ወር ይገናኛሉ። ለበሬው ገንዘብ ተመድቧል፤ ለደብተሩ ግን አልተመደበም። እንዲህ ያለው ቤት በመስከረም ይጠግባል፥ በጥቅምት ይበደራል፤ በበልግም ወራት እህሉ ባለቀ ጊዜ አበዳሪው በሩን ይመታል። የዚህንም ቅጣት የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ነው። እኛ በዓሉ ይቅር አንልም፤ የተጣላ የሚታረቅበት፥ ዘመድም የሚሰበሰብበት ቀን ነውና። የምንለው ለበሬው የተሠራው ሥርዓት ለሌላውም ጕዳይ ይሠራ ነው።

ስለ አመዳደብ

ቍጥርና ቀን የሌለው አሳብ ምኞት ነው። «ዘንድሮ ገንዘብ አጠራቅማለሁ» የሚል ሰው ገና ምንም አልወሰነም፤ «እስከ ነሐሴ 30 ቀን ለልጆቼ ትምህርት 4,800 ብር አኖራለሁ» የሚል ግን ወስኗል። ዮሴፍም በግብፅ ሳለ በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀድሞ ለየ እንጂ የሚተርፈውን አልጠበቀም። አስቀድሞ የተለየ ድርሻ ይገኛልና፤ ከወጪ ይተርፋል የተባለው ግን አይገኝም።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናትና ደመወዝተኛው በውስጧ ብዙ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 8,000 ብር የሚያገኝ አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። አምስተኛው እጅ 1,600 ብር ነው። ይህንንም በአራት ይክፈለው፤ ለጊፋታ 500፥ ለትምህርት 400፥ ለክፉ ቀን 400፥ ለሚያፈራ ሥራ 300 ብር። በ12 ወር ለበዓሉ 6,000፥ ለትምህርቱ 4,800፥ ለክፉው ቀን 4,800፥ ለሚያፈራው 3,600፥ በጠቅላላው 19,200 ብር ይሆናል። የቀረው የወሩ 6,400 ብር ለኪራይ፥ ለምግብ፥ ለእድርና ለመሳሰለው ነው። አምስተኛው እጅ የሚከብደው ቤት ዐሥረኛውን ይለይ፤ ልኩ ጥቂት ቢሆንም የታወቀ ይሁን። የወር ደመወዝ የሌለው ገበሬና ነጋዴ ደግሞ ቡናውን ወይም በቆሎውን በሸጠበት ቀን፥ ገና ከገበያ ሳይመለስ፥ ድርሻውን ለይቶ ያስቀምጥ።

ይህም ሁሉ በባልና በሚስት ምክር ይሁን። የጓዳውን ሒሳብ የምታውቀው ሚስት ናትና ባል ለብቻው የጻፈው መዝገብ የግማሽ ቤት መዝገብ ነው።

ስለ ማስቀመጫው

ገንዘብ እንደሚውልበት ጕዳይ ማስቀመጫው ይለያያል። እቁብ ሰውን ያስገድዳልና ለሚዘነጋ ሰው መልካም ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢያዋጡ ዕጣ የወጣለት 6,000 ብር ያነሣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ሲሆን፥ የመጨረሻው ያለ ወለድ እንዳበደረ ይቈጠራል፤ ዕጣውም መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ በመስከረም የሚፈለገውን የትምህርት ገንዘብ በዕጣ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላቱ በየወሩ ከሚያስቀምጡት ያበድራቸዋል፤ ነገ ለሥራ ብድር የሚያስፈልገው ሰው ዛሬ በዚያ ቢቈጥብ ይጠቀማል።

የክፉ ቀን ገንዘብ ግን በተፈለገ ቀን ሊወጣ ይገባዋልና ባንክ ይሻለዋል። ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አደረገው፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ነበር። ይኸውም በዓመቱ 100 ብር 107 ብር ሲሆን፥ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ130 ብር በላይ ጠየቀ ማለት ነው። ባንክ ገንዘባችንን ከሌባና ከገዛ እጃችን ይጠብቅልናል፤ ከዋጋ ንረት ግን ሁልጊዜ አይጠብቅልንም። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የታሰበው ገንዘብ የሚያፈራ ሥራ ይፈልጋል።

ስለሚያፈራው ገንዘብ

እንሰት ተክሎ በዓመቱ የሚፍቅ ገበሬ የለም። አራትና አምስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ይተክላልና በጓሮው የሚደርስ አይታጣም። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱም ይህ ነው፤ አስቀድሞ ዕዳን መክፈል፥ ቀጥሎ የክፉ ቀን ገንዘብ ማኖር፥ ከዚያ በኋላ ለትርፍ መትከል። ከብት ሊሞት፥ ንግድም ሊከስር ይችላልና የልጅን መድኃኒት መግዣ በትርፍ ሥራ ላይ አታውል።

ለጀማሪ የሚቀርበው የሚያውቀው ሥራ ነው። በወላይታ ኮታ የሚባለው ልማድ አለ፤ ሁለት ሰዎች ከብትን በድርሻ ይይዛሉ፥ ትርፉንም ይካፈላሉ። የከሳ በሬ ገዝቶ አደልቦ መሸጥም አገሩ የታወቀበት ሥራ ነው። አክሲዮንም ከብዙ ሰው ጋር የተያዘ ኮታ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ባለ ድርሻው ትርፉን እንደሚካፈል ኪሳራውንም ይካፈላልና።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከመቶ 10 እጅ ድርሻውን በቴሌብር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፥ ሊገዛ የሚቻለውም ትንሹ ልክ 33 አክሲዮን፥ ማለት 9,900 ብር ነበር። በወር 300 ብር የሚለየው ሠራተኛችን ወደዚህ የሚደርሰው በ33 ወር ነው። ይህ ተስፋ የሚያስቈርጥ ሳይሆን፥ የአንድ ዓመት ዕቅድ የሚቀጥለውን ዓመት ማየት እንዳለበት የሚያስተምር ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚለወጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ነገር ግን የኩባንያውን ሥራና የዓመቱን ሒሳብ ሳታውቅ አትግዛ፤ ተበድረህም አትግዛ። «ገንዘብህን በአንድ ወር እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» ከሚልህ ሰው ራቅ። በሬ እንኳ በአንድ ወር እጥፍ አይሆንምና፥ እንዲህ የሚል ሰው ለፊተኛው የሚከፍለው ከኋለኛው የተቀበለውን ነው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ ጳጉሜን አጭር ወር ናት፥ ለሒሳብ ግን ትበቃለች። በእነዚያ ቀናት ከቤተ ሰብህ ጋር ተቀምጠህ ያለፈውን ዓመት መዝገብ መርምር፥ የሚመጣውንም ጻፍ። በጊፋታ ማዕድ ላይ የሚቀመጥ ልጅ በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ፥ የቤቱ ደስታ ሙሉ ይሆናል።

በቤት የሚጠና ጥያቄ

1. ባለፈው ዓመት ያለ ምደባ የወጣው ትልቁ ወጪህ የትኛው ነው? በስንተኛውስ ወር መጣ?
2. ለዘንድሮ የወሰንሃቸውን ሦስት ነገሮች ከነልካቸውና ከነቀናቸው ጻፍ።
3. ከእነዚህ በእቁብ፥ በማኅበር ወይም በባንክ ሊቀመጥ የሚገባው የትኛው ነው? ስለ ምን?
4. ብትዘገይ የሚጠይቅህ ባልንጀራ ማን ነው?